የእናቴ የቆጮ ጉድጓድ

እናቴ "ይሄ ልጅ መቀመጫው ላይ እሾህ አለ" ትላለች። እውነቷን ነው። በዚያ የኅዳር ቅዳሜ፣ ወንዛችን አባያ ሐይቅ በሚገባበት አፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ ጥላ ፈልጎ ቁጭ ሲል እኔ ጭቃ ለጭቃ ሽቅብ ቁልቁል እል ነበር። ፎቶ አነሳሁ። ውሃ በጠርሙስ ቀዳሁ። የአሲድ መለኪያዬን ነከርኩ፣ አወጣሁ፣ ቁጥሩን አላመንኩትም፣ እንደገና ነከርኩ። ሰባት ይላል። ንጹሕ ውሃ ማለት ነው።

"አንተ ሰውዬ፣ ውሃው እንዳያመልጥህ ነው?" አለኝ መላኩ። በዚያ የወንዝ አፍ ላይ ሃያ ዓመት ዓሣ ያጠመደ ሰው ነው። መረቡን ከፍ አድርጎ የሚፈራገጡ ቆሮሶ ዓሦች አሳየኝ። "በዚህ ወር መረብ ስንጎትት ጥቁር አረፋ ነበር የምናወጣው። ዓሣው ሞቶ ይንሳፈፋል፣ ሽታው ቤት ድረስ ይከተለናል። ዘንድሮ ይኸው።"

ጥቁሩ አረፋ የሚመጣው ከእኛ ከላይኞቹ ነበር። ቡና በሚቀላበት ወቅት ማጠቢያ ጣቢያዎች ልጣጩንና ሙጫውን ያጠቡበትን ውሃ ወንዝ ውስጥ ይለቁታል። ያ ውሃ ይኮመጥጣል፣ ዓሣ የሚተነፍሰውን አየር ይጨርሳል፣ ወርዶ ወርዶ የሐይቁ አፍ ላይ ይከማቻል። እኔ ሙሉካ እባላለሁ። ዲላ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቶ በሚሠራ አንድ ትንሽ ፕሮጀክት ተቀጥሬ ይህን ማስቆም ነው ሥራዬ። በወንዛችን ዳር ሦስት ማጠቢያዎች አሉ። ሁለቱ አቅም ስላላቸው የሲሚንቶ ገንዳ ሠርተው ተገላገሉ። ትልቁና የመጨረሻው፣ ከወናጎ በላይ በተወለድኩበት ቀበሌ ያለው፣ የፈይሰል ነበር። ፈይሰል ቤተሰቦቹ ዲላ ገበያ ላይ ሱቅ ያላቸው የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው።

ለፈይሰል ማጠቢያ ትልቅ የፍሳሽ ጉድጓድ አስቆፈርን። ጉድጓዱን የሚያለብሰው ወፍራም ፕላስቲክ ከአዲስ አበባ ይመጣል ተባለ። ዛሬ ነገ ሲባል ጥቅምት ገባ፣ ቡናው ቀላ፣ ፕላስቲኩ የለም። መጠበቅ ደግሞ እኔ ላይ አልተፈጠረም። የጌዴኦ ልጅ ነኝ፤ እናቴ ቆጮ የምትቀብርበትን ጉድጓድ እያየሁ ነው ያደግኩት። ዙሪያውን በእንሰት ቅጠል ደራርባ ታለብሰዋለች፣ የተፋቀውን እንሰት ትጨምራለች፣ በቅጠል ትሸፍናለች፣ ድንጋይ ትጭናለች። ወራት ይቀመጣል። ቆጮ የሚይዝ ቅጠል የቡና ውሃ ለምን አይዝም? አልኩ። መንደሩን አስተባብሬ ጉድጓዱን በስድስት ድርብ የእንሰት ቅጠል አለበስነው። አለቆቼ ደስታቸውን አልቻሉትም። "አገር በቀል እውቀት" የሚል ርእስ ሰጥተው ፎቶዬን ለጠፉት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንኳ፣ የእናቴ ቤተ ክርስቲያን ማለቴ ነው፣ እሁድ ማስታወቂያ ላይ ስሜ ተነሳ። "የእህት ፀዳለ ልጅ ወንዛችንን አዳነልን" ተብሎ ተጨበጨበ። እናቴ ፀዳለ አንገቷን ደፍታ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች አሉ።

ይህን ሁሉ ለመላኩ እየነገርኩት ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሀኒ ነበረች፣ የታላቅ ወንድሜ ሚስት፣ ከእናቴ ጋር አጥር ለአጥር የምትኖር።

"ሙሉካ፣ ሻይ ላይ ወተት ሳደርግ ይቆራረጣል" አለችኝ። "ሦስት ቀኑ።"

"ወተቱ ያደረ ይሆናላ።"

"ምን ያደረ ነው! አሁን የታለበ ነው። ውሃው ነው እንጂ። ከምንጩ የመጣው ውሃ።"

ምንጩ ከፈይሰል ጉድጓድ በታች ነው። መላኩ የጠበሰልኝን ዓሣ ሳልበላ ተነሳሁ።

በማግስቱ ሚኒባስ ይዤ ወናጎ፣ ከዚያ በእግሬ ሽቅብ። እናቴ ቤት ስደርስ ላብ በላብ ሆኜ ነበር፤ ሰላም እንኳ ሳልላት "ውሃ ስጪኝ" አልኳት። ከጀሪካኑ ቀድታ ሰጠችኝ። ጠጣሁ። ጣፋጭ ውሃ ነበር፣ በልጅነቴ የማውቀው ዓይነት ቀዝቃዛ ውሃ። መለኪያዬን ነከርኩበት። ደህና ነው።

"ይሄ ከምንጩ ነው?"

"ታዲያ ከየት ይሆናል?" አለች ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ።

እፎይ አልኩ። ሀኒን በአጥሩ ላይ ጠርቼ "አንቺ፣ ላምሽን ሎሚ ነው እንዴ የምታበያት?" ብዬ ሳቅኩባት። እሷ አልሳቀችም። እናቴም አልሳቀችም፤ ጉልበቷን ታሻለች። ደጃፉ ላይ የወለቀው ኮንጎ ጫማዋ በጥቁር ጭቃ ተለውሶ ነበር። የሰፈራችን አፈር ቀይ ነው። አየሁት፣ ዓይኔ አየው ማለቴ ነው፣ እኔ ግን ሰኞ ጠዋት ለጎብኚዎች የማቀርበውን ንግግር እያሰብኩ ነበር። ምንጩ ከቤታችን አሥር ደቂቃ መንገድ ነው። አልወረድኩም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሀኒ ዲላ ቢሮዬ ድረስ መጣች። ትንሿ ልጇ ሁለት ቀን ሆዷን ይዛ እንደተኛች ነገረችኝ። ከዚያም አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች፤ ውስጡ ቀጭን ሻይ የመሰለ ውሃ አለ።

"አሁንም ላሜን ሳቅባት" አለችኝ።

መለኪያዬን ነከርኩ። ከአምስት በታች። አሲድ ማለት ነው። "ልጅቷን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጃት፣ ከዚያ ምንጭ ማንም እንዳይጠጣ ንገሪ" አልኩና ባጃጅ ጠርቼ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ።

ምንጩ ጋ ስደርስ መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነው። የበሰበሰ ቡናና የተከፈተ የቆጮ ጉድጓድ አንድ ላይ። ከምንጩ ሽቅብ እግሬ እየተንሸራተተ ወጣሁ። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሜ ረጅም እንጨት ሰደድኩ፤ የእንሰቱን ቅጠል ነካሁት። እንደ ረጠበ ጋዜጣ ተቀደደ። ከሥሩ እርቃኑን የወጣ ቀይ አፈር። ጉድጓዱ ከጥቅምት ጀምሮ ለምን እንደማይሞላ፣ ለምን ወንዙ ንጹሕ ሆኖ ጉድጓዱም ገና ቦታ እንዳለው፣ አሁን ገባኝ። እኔ ቆሻሻውን ከወንዙ አንስቼ ለምንጩ ነበር የሰጠሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

ሠራተኞቹ ቡና ያጥባሉ፣ ማሽኑ ይጮኻል፣ ፈይሰል ከመጋዘኑ በር ወደ እኔ ሲሮጥ መጣ።

"ሰማህ? ሐሙስ ሶንጎ ተጠርቼያለሁ" አለ። ሶንጎ ማለት የሽማግሌዎቻችን ሸንጎ ነው። "ፈይሰል በድብቅ ቱቦ ቀብሮ ወደ ምንጩ ለቀቀው ይላሉ። ወላሂ ሙሌ፣ ቱቦ የለኝም!"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ከየት ነው የሚመጣው?"

እንጨቱን አሳየሁት። ጫፉ ላይ ጥቁር የቅጠል ብጫቂ ተለጥፏል። ፈይሰል ብዙ ጊዜ አየውና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ስማኝ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይመጣል። ወንዙ ሲሞላ ይሄን ጉድጓድ ከጎኑ ልክፈተውና ወደ ወንዙ ይሂድ። በሁለት ሰዓት ባዶ ይሆናል። ምንጩም ይጠራል፣ ማንም አያውቅም።"

"መላኩ ያውቃል።"

"መላኩ ማነው?"

"ዓሣ አጥማጅ ነው። ታች፣ አባያ ላይ።"

"እኔ ስለማላውቀው ሰው ልታሰር?" ብሎ ጮኸ። ሠራተኞቹ ዞር አሉ። ደግነቱ ፈይሰል ቁጣው እንደ ገለባ እሳት ነው፤ ወዲያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። "እሺ አልከፍተውም። ማሽኑንም ዛሬ አጠፋለሁ። ሐሙስም ስምህን አላነሳም፣ ጓደኛዬ ነህ። ግን አንተም እዚያ ትጠራለህ፣ ባለሙያ ነህና። ምን እንደምትል አላህ ይወቅ።"

እነዚያን ሁለት ቀኖች እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አትጠይቁኝ። ዲላ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ እነሳለሁ፣ ተነስቼ እቀመጣለሁ። ፕሮጀክቱ በዚያው ወር ነበር የሚታደሰው፤ ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በዚያ ጉድጓድ ፎቶ ላይ ነው። የማልዋሽበት መውጫም አግኝቼ ነበር። "ቱቦ የለም" ብዬ ዝም ማለት። እውነት ነው፣ ቱቦ የለም። "መሬቱ ነው፣ ዝናቡ ነው" ማለት። እሱም ግማሽ እውነት ነው። ፈይሰል በደንብ አልሠራውም ብሎ ሕዝቡ ቢያስብ እኔ ምን አደረግኩ? ይህን ሳስብ ራሴን ጠላሁት፣ ግን ማሰቤን አላቆምኩም። የሀኒ ልጅ እንደተሻላት ሰምቼ እንኳ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሐሙስ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ከትልቁ ዛፍ ሥር ሣሩ ላይ ተቀምጠው ነበር። በመካከላቸው ሀይቻ ለሚ፣ የሶንጎው መሪ፤ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው። ፈይሰል ብቻውን በአንድ በኩል። ሴቶቹ ራቅ ብለው፣ እናቴም ከእነሱ ጋር። ሀይቻ ለሚ ቀና ብለው አዩን።

"እዚህ የሚፈለገው ሀላሌ ነው" አሉ። እውነት ማለታቸው ነው። "በዚህ ዛፍ ሥር የዋሸ ሰው ውሸቱ ልጅ ልጆቹን ይከተላል። ሙሉካ፣ የተማርክ ነህ፣ ጉድጓዱን ታውቀዋለህ። ይሄ ልጅ ቱቦ ቀብሯል ወይ?"

ተነሳሁ። "አልቀበረም፣ ሀይቻ።"

"ታዲያ ውሃችንን ማን አበላሸው?"

ያቺ ነበረች ዝም የምልባት ቦታ። ፈይሰልን አየሁት፤ መሬት መሬት እያየ ሣር ይነጫል። ስሜን እንደማያነሳ ቃል ገብቷል፣ ቃሉን ይጠብቃል። እሱ ቃሉን መጠበቁ መሰለኝ እውነቱን ከአፌ ያወጣው።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ጉርምርምታ ተነሳ። ሀይቻ ለሚ ዱላቸውን ከፍ ሲያደርጉ ጸጥ አለ።

"ፕላስቲኩ ስላልመጣ መጠበቅ አቃተኝ። በእንሰት ቅጠል እናልብሰው ያልኩት እኔ ነኝ። ፈይሰል ፕላስቲኩን እንጠብቅ ብሎኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያቻኮልኩት። ቅጠሉ በሰበሰ። ፍሳሹ በመሬት ውስጥ ሰርጎ ምንጩ ላይ ወጣ። ቱቦ የለም። እኔ ነኝ።"

"ቅጠል ውሃ ይይዛል ብሎ ማን አስተማረህ?" አሉኝ ሀይቻ ለሚ። አልተቆጡም፣ የእውነት ገርሟቸው ነው የጠየቁት።

"ማንም አላስተማረኝም። የእናቴን የቆጮ ጉድጓድ አይቼ ነው።"

ከኋላ ከሴቶቹ በኩል የሆነች ሴት ሳቀች፣ ወዲያው አፏን ያዘች። ከዚያ እናቴ ተነሳች። በሶንጎ ላይ ሴት ዝም ብላ አትናገርም፤ ሀይቻ ለሚ ግን አዩዋትና ራሳቸውን ነቀነቁላት።

"የእኔ ጉድጓድ ያፈሳል" አለች። "ሁልጊዜ ያፈሳል። የማንኛዋም ሴት ጉድጓድ ያፈሳል። ቅጠሉ የሚደረገው አፈር ቆጮው ውስጥ እንዳይገባ ነው እንጂ ውሃው እንዳይወጣ አይደለም። ውሃው ካልወጣማ ቆጮው ይበላሻል። ቅጠሉንም በየጊዜው እንለውጣለን። ለዚህ ነው ጉድጓዳችንን ከምንጭ አርቀን የምንቆፍረው። ከእኔ ጉድጓድ ሥር ሣር በቅሎ አይቶ የሚያውቅ አለ? ይሄ ልጅ በዚያ ሣር በሌለበት መሬት ላይ እየዘለለ ነው ያደገው። አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ አላየም። እኔንም አልጠየቀኝም።"

አልጠየቅኳትም። ምን ብዬ እጠይቃታለሁ? አይቼዋለሁ ብዬ ነበር። ያን ሣር የማይበቅልበት መሬት አሁን ቆሜ በዓይነ ኅሊናዬ አየሁት፤ ኳስ ስንጫወት ግብ የምናደርገው እሱን ነበር።

"ፀዳለ፣" አሉ ሀይቻ ለሚ፣ "ይህን ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽ?"

እናቴ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች።

"ውሃው የከፋ ቀን ቀምሼ አውቄዋለሁ። የቅጠል ኮምጣጣ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ጣዕም። ግን ቤተ ክርስቲያን ተጨብጭቦለት ነበር። ልጄን በሰው ፊት ማዋረድ ከበደኝ። ቡናው ያልቃል፣ ጉድጓዱ ይደርቃል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። እስከዚያ ከወዲያኛው ምንጭ እየቀዳሁ ዝም አልኩ። እሱም መጥቶ ያንን ውሃ ጠጥቶ ሄደ። የሀኒ ልጅ ስትታመም ነው ጥፋቴን ያወቅኩት። ከቀጣችሁ ሁለታችንንም ቅጡ።"

ወዲያኛው ምንጭ ግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፣ ጥቁር ረግረግ አቋርጦ። እናቴ ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ሙሉ ጀሪካን ተሸክማ፣ በዚያ ጉልበት። ያ ጥቁር ጭቃ፣ ያ ያሻችው ጉልበት፣ ፊቷን ወደ ምድጃው ማዞሯ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ወንድ ልጅ በሶንጎ ፊት አያለቅስም። አለቀስኩ።

ሽማግሌዎቹ ፀሐይ እስክትበረታ ተነጋገሩ። ፈይሰል ነጻ ሆነ፤ ፕላስቲኩ መጥቶ እስኪለብስ ግን ማሽኑ እንዳይነሳ ተባለ። በጉድጓዱ ያለው ፍሳሽ አንዲት ጠብታ ወደ ወንዙ እንዳትሄድ፣ ልጣጩና ዝቃጩ በሰው ጉልበት ወጥቶ ከምንጩና ከወንዙ ርቆ ለማዳበሪያ እንዲከመር። ከጉድጓዱ በታች ሥሩ ጠልቆ አፈር የሚይዝ ቬቲቨር ሣር እንዲተከል። የሚከመርበትንም የሚተከልበትንም ቦታ የሚመርጡት ሴቶቹ እንዲሆኑ። ይህን የመጨረሻውን ሲናገሩ ሀይቻ ለሚ ወደ እናቴ አዩ። እሷ ልጇን ሸፍና ጎረቤቶቿን የተበላሸ ውሃ ስላስጠጣች በእሁድ ጉባኤ ፊት ቆማ ይቅርታ እንድትጠይቅ ተፈረደባት። እኔ ደግሞ ምንጩ እስኪጠራ ድረስ ጉልበት ለሌላቸው ሦስት ቤቶች በየማለዳው ከወዲያኛው ምንጭ ውሃ እንድሸከም።

"እስኪጠራ ድረስ ሲባል በስንት ቁጥር ነው?" ብዬ ጠየቅኩ። ባለሙያነቴ አልለቀቀኝም።

"እናትህ ቀምሳ ትነግርሃለች" አሉ ሀይቻ ለሚ። ሶንጎው ሁሉ ሳቀ፤ ፈይሰልም።

ዲላ ያለውን ቤቴን ለቅቄ እናቴ ጋ ገባሁ። ሪፖርቱን እንደገና ጻፍኩት፣ ከነስሜ፣ ከነጥፋቴ። የፕሮጀክቱ እድሳት ዘገየ፤ አለቃዬ ለሁለት ሳምንት ሰላም አላለኝም። ፕላስቲኩ በታኅሣሥ መጣ፣ ቀይ ቡናው ሊያልቅ ሲል። ፈይሰል የከሰረውን አንድም ቀን አላነሳብኝም፣ እኔን ሲያይ ግን "ቅጠሉ እንዴት ነው?" ይለኛል፣ እስከ ዛሬ። መላኩ ደውሎ የሐይቁ አፍ አሁንም ንጹሕ መሆኑን ነገረኝ። ደስ አለኝ፣ ግን እንደ በፊቱ ለፎቶ አልሮጥኩም፤ ጠዋት የምሸከመው ነበረኝ።

የመጀመሪያው ቤት የእናቴ ነው። ሦስት ጊዜ ስመላለስ ፀሐይ ትወጣለች፣ ትከሻዬ ይላጣል፣ ቢሮ የምደርሰው ከሁሉም በኋላ ነው። በየቅዳሜው ደግሞ ምንጩን በመለኪያ እለካለሁ። አምስት ተኩል። ስድስት። የካቲት ላይ፣ ሁለት ሌሊት ዝናብ ከጣለ በኋላ፣ ሰባት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ቁጥር አየሁ። ውሃው መስታወት ሆኗል፣ ሽታ የለውም። አንድ ኩባያ ቀድቼ ሽቅብ ሮጥኩ፤ ግማሹን በመንገድ ደፋሁት።

"እማ! ቅመሽው፣ ጠርቷል!"

እናቴ እንሰት እየፋቀች ነበር። እጇን ጠረገች፣ የተረፈችውን ውሃ ተጎነጨች፣ አፏ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያዘችው። ከዚያ ሣሩ ላይ ተፋችው።

"ገና ነው።"

መለኪያዬን ከኪሴ አወጣሁ። ቁጥሩን ላሳያት፣ ልከራከራት፣ የተማርኩትን ሁሉ ልዘረግፍባት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መልሼ ኪሴ ከተትኩትና አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

"ምን ቀረው፣ እማ?"

ፍቃቷን አቁማ አየችኝ። "ምላስ ሥር ገብቶ የሚቀር ነገር አለ" አለች። "ወዲያው አይታወቅህም፣ ሲውጡት ነው የሚመጣው። አንድ ከባድ ዝናብ ይፈልጋል። ቢበዛ ሁለት።"

ጀሪካኑን አንስቼ ወደ ወዲያኛው ምንጭ መንገድ ጀመርኩ። እግሬ እንደ ልማዱ ሊሮጥ ፈለገ።

"ቀስ በል!" አለችኝ ከኋላዬ። "ትደፋዋለህ!"

ጀሪካኑ ባዶ ነበር። ቢሆንም ቀስ አልኩ።